ካርቶንን ንቀን አንጣለው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ካርቶን ወንበር ይሆናል ሲባል የማይስቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር እንደ መሆኔ መጠን፤ ነገሩ ከሣቅ ይልቅ ማሰብን የሚጠይቅ መሆኑን ለአንባቢዎችዎ ለመግለጽ እወዳለሁ።

ምሥጢሩ ያለው በካርቶኑ አሠራር ነው። በሁለት ወረቀት መካከል እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ሌላ ወረቀት አለ። ሽብሽቡ ወደ ላይ ሲቆም የብዙ ትናንሽ ምሰሶዎችን ሥራ ይሠራል፤ ሲጋደም ግን ቶሎ ይታጠፋል። ስለዚህ እግሩ ሽብሽቡን አቁሞ ይሠራል። መቀመጫውም አንዱን ንብርብር በቁሙ፤ ሁለተኛውን በአግድሙ እያደረጉ በሙጫ አጣብቆ፤ ከባድ ነገር ጭኖ ማድረቅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው በዚህም ይታያል።

ይህም በሥራ የተፈተነ ነው። ፍራንክ ጌሪ የተባለው አርክቴክት እ.ኤ.አ. በ1972 ከተነባበረ ካርቶን ያወጣው ወንበር እስከ ዛሬ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክ ስፖርተኞቹ የተኙት 200 ኪሎ ያህል እንዲችል ተደርጎ በተሠራ የካርቶን አልጋ ላይ ነበር። ከሁሉ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመው ግን በዚምባብዌ ቤቪል ፓከር የተባሉ ሰው ያስፋፉት ጥበብ ነው፤ ይኸውም ከአሮጌ ካርቶንና ከዱቄት ሙጫ የአካል ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት በየቁመናቸው ልክ መቀመጫ መሥራት ነው።

ጀርባውን የሚደግፍለት ያጣ ልጅ እርሳስ መያዝ ይቸግረዋል፤ ስለዚህም ከትምህርት ይቀራል። ከገበያ የሚገዛው ወንበር በልኩ አይደለም፤ ልጁም ያድጋል። ካርቶን ግን በቢላዋ ይቈረጣል፤ ልጁ ባደገ ቍጥር ሌላ መሥራት አይከብድም።

ውሃ ይበላሸዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ቫርኒሽ ቢቀባና ከእርጥብ መሬት ከፍ ቢል፤ በቤት ውስጥ ብዙ ያገለግላል። ልጅ ሳይቀመጥበትም አስቀድሞ በክብደት መፈተን ይገባል።

እንግዲህ ነጋዴዎች ባዶ ካርቶናቸውን ከማቃጠል ለትምህርት ቤቶች ቢሰጡ፤ ተማሪዎችም በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከወላጆችና ከሐኪም ጋር እየተመካከሩ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በዓመት ለአንድ የሠፈሩ ልጅ አንድ መቀመጫ ቢሠራ፤ ጂኦሜትሪን ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ በዚህ ይማሩታል፤ ከቤት የቀረውም ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ መምህር