«ሰው ለሰው» አገር ሰበሰበ ለሚለው አስተያየት የቀረበ ምላሽ

«ገመና» እና «ሰው ለሰው» የተሰኙት የቴሌቪዥን ድራማዎች በተነሱ ቁጥር አብሮ የሚነሳ አስተያየት አለ። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት አንድ ድራማ ያይ ነበር፤ ጎረቤት ከጎረቤት የተሰበሰበው ድራማው ግሩም ስለነበረ ነው፤ ኋላ ካና የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ መጥቶ በተነን ይባላል። ይህን ከሚሉት ብዙዎቹ የማከብራቸው ሰዎች ናቸው፤ ናፍቆታቸውም እውነተኛ ነው። ከናፍቆቱ ተነስተው የደረሱበት ድምዳሜ ግን አይጸናም።

አንደኛ፣ «አገሩ ሁሉ» የሚለው አይሆንም። በ2003 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ኤሌክትሪክ የነበረው ከመቶ ቤተሰብ 23ቱ ነው፤ በገጠር ከመቶ 5ቱ ያህል። ከሙዱላ ከተማ ወጣ ብለው ባሉት የጠምባሮ ቀበሌዎች ያደገ ልጅ የ«ሰው ለሰው»ን ገጸ ባሕርይ አስናቀን ያወቀው በአብዛኛው ሲወራ ሰምቶ እንጂ ተዋናዩን አበበ ባልቻን በቴሌቪዥን መስኮት አይቶ አይደለም። ለዚህ ልጅ የቤቱ ድራማ የሬዲዮው ነው፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈውን «የቀን ቅኝት» ለመከታተል የባትሪ ድንጋይ ይበቃ ነበር። ስለ ልጅነት ድራማ በሚጻፈው ሁሉ ውስጥ ግን ሬዲዮ እምብዛም አይነሳም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛውና ዋናው ስሕተት የምክንያትና የውጤት ነው። ሰው የተሰበሰበው በድራማው ግሩምነት ቢሆን ኖሮ፣ የራሱ ቴሌቪዥን የነበረው ቤተሰብም ወደ ጎረቤት በሄደ ነበር። አልሄደም፤ ያንኑ ድራማ ከቤቱ ሳይወጣ አየው። ድራማው ለሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ የተሰበሰበው ቴሌቪዥን የሌለው ብቻ ከሆነ፣ ሰብሳቢው እጦት ነበር ማለት ነው። ዜናም ኳስም ያንኑ ሰው እዚያው ቤት ሰብስቧል። በር ተዘግቶበት የተመለሰ ልጅ፣ እንግዳ በየሳምንቱ ማስተናገድ የከበዳት የቤት እመቤት፣ እነዚህም የዚያው ዘመን ትዝታዎች ናቸው።

ሦስተኛ፣ ካናን መክሰስ የዘመን ቅደም ተከተልን ያፋልሳል። ካና ሥርጭቱን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ «ሰው ለሰው» ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ዲሽ የሰቀለ ቤት ደግሞ ከካና በፊትም የዐረቡን ጣቢያ የኤምቢሲን ፊልሞች ያይ ነበር፤ ካና የጨመረው የአማርኛ ድምፅ ነው።

የድራማው ወዳጆች ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ድራማው ቢጽፉ እመርጥ ነበር። አስናቀን የመሰለ ጨካኝ ባለገንዘብ ተመልካችን ያን ያህል ጊዜ እንዴት ይዞ ቆየ? ይህ የድርሰትና የትወና ጥያቄ ነው፤ የተመልካቹ ብዛት መልስ አይሆነውም።

የቋንቋውም ነገር አለ። «ሰው ለሰው» በአማርኛ ነው። ሙዱላን በመሰሉ ከተሞች አማርኛ ያልለመዱ አያቶች ወሬውን ከልጅ ልጆቻቸው ይጠይቁ ነበር፤ ልጁም ቀጣዩ ትዕይንት እንዳያመልጠው አሳጥሮ ይነግራቸዋል። «ሁላችንም አብረን አየን» ሲባል እነዚህ አያቶች ከየትኛው ወገን ይቆጠራሉ?