የፊት ጎማ ሲበላ ምክንያቱ ይጠየቅ



ስለ መኪና አደጋ በየጊዜው ብዙ ይጻፋል፤ ፍጥነት፥ መጠጥና የእግረኛ ቸልተኝነት ይወቀሳሉ፤ መወቀሳቸውም የተገባ ነው። ነገር ግን መኪናው ገና ከግቢ ሳይወጣ በፊት እግሩ ላይ ስለሚታይ አንድ ምልክት የሚናገር ሰው ስላላየሁ፥ ይህችን ማስታወሻ በአንባቢዎች ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምልክቱም የፊት ጎማ በአንድ ወገን ብቻ መበላት ነው።

እኔ ብዙ ዘመኔን ያሳለፍሁት አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅሱ መኪኖችን፥ ይልቁንም ላንድ ክሩዘርና ሂሉክስን፥ ወደ ገጠር በመንዳትና በማስጠገን ስለሆነ የምናገረው ካየሁት ነው። የእነዚህ መኪኖች የፊት ጎማ ከውስጥ ወይም ከውጭ በኩል ተላጭቶ ሲገኝ፥ ባለመኪናው ወዲያው ሁለት ጥፋተኞች ያገኛል፤ አንዱ መንገዱ፥ ሌላው ጎማው የተሠራበት አገር ነው። «የዛሬ ጎማ ምን ጎማ ነው!» ይባልና አዲስ ተገዝቶ ይገባል፤ አሮጌው ወደ ኋላ ይዛወራል። ከጥቂት ወራት በኋላ አዲሱም በዚያው ወገን ይላጫል። ጎማው በአሠራሩ መጥፎ ቢሆን ኖሮ በሙሉ ፊቱ ባለቀ ነበር እንጂ አንዱን ጠርዝ መርጦ ባላለቀም ነበር።

አበላሉ ራሱ ይናገራል። መካከሉ ብቻ ካለቀ ነፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መካከሉ ከቀረ ነፋሱ አንሷል፤ ይህን ጎሚስታ ሁሉ ስለሚያውቀው አልቆይበትም። የሚያስቸግረው የአንድ ወገን መበላት ነው። መዳፍን በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፥ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ ማሳለፍ ነው። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ የሚይዝ ከሆነ፥ ጎማው እየተንከባለለ ብቻ ሳይሆን እየተጎተተም ነው የሚሄደው። ይኸውም ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቀጥ ብለው ወደ ፊት አይመለከቱም፤ ከፊት በኩል እርስ በርሳቸው ተቀራርበዋል ወይም ተራርቀዋል። ጋራዦቻችን ኮንቨርጀንሳ የሚሉት ይህን ነው። ሲቀራረቡ የውጭው ጠርዝ፥ ሲራራቁ የውስጡ ይበላል። ጥርስ ሳያወጣ ለስልሶ አንድ ጠርዝ ብቻ ከተላጨ ግን ጎማው አጋድሎ ቆሟል፤ ካምበር የሚባለው ነው። እዚህም እዚያም እንደ ተነከሰ ጎድጎድ ካለ ደግሞ አሞርዛተሩ ደክሟል፥ ወይም ኩሽኔታው ላልቷል፥ ወይም ጎማው ባላንስ ይጎድለዋል።

«ጥቂት ሚሊ ሜትር ምን ያመጣል?» የሚል ሰው ይህን ስሌት ይመልከት። ከዳር እስከ ዳር 80 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት የፊት ጎማዎች ከፊት በኩልና ከኋላ በኩል በመካከላቸው ያለው ርቀት ሲለካ በ8 ሚሊ ሜትር ቢለያይ፥ እያንዳንዱ ጎማ የ4 ሚሊ ሜትር ጥመት ደርሶታል። ይህም በአንድ ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን መፋቅ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ያ ጎማ ሐዋሳ እስኪገባ ድረስ ከ1,300 ሜትር በላይ በአስፋልቱ ላይ ወደ ጎን ይታሻል። ላስቲክ ይህን እንዴት ይችላል?

በእነዚህ መኪኖች ላይ ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ላንድ ክሩዘር 70 በሚባለው ዐይነትና በብዙዎቹ ሂሉክሶች ላይ የፊቱንና የኋላውን ጉልበት የሚያለያይ መካከለኛ ዲፈረንሺያል የለም። መኪናው ሲዞር የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ፤ የፊቱ ኃይል ተያይዞ ሳለ ግን ፊትና ኋላ እኩል እንዲሽከረከሩ ስለሚገደዱ፥ ልዩነቱን የሚከፍለው ጎማው ነው። በጭቃና በአሸዋ ላይ ተንሸራትቶ ያልፈዋል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ይፋቃል፥ የውስጥ ጥርሶቹም ይጨነቃሉ። ሆኖም ከጭቃው ወጥተው የፊቱን ማርሽ ሳይለቁ እስከ ከተማ የሚነዱ ሾፌሮች ሞልተዋል። ሲጠየቁ «መሬት ይይዝልኛል» ይላሉ።

የዚሁ የላንድ ክሩዘር 70 የፊት እግር አንድ ወጥ አክስል ነው። ስለዚህ እንደ ሂሉክስና እንደ ፕራዶ በብራቾው ብሎን እያዞሩ ካምበሩን የሚያስተካክሉት አይደለም፤ የሚስተካከለው በመሪው ዘንግ በኩል ኮንቨርጀንሳው ብቻ ነው። ካምበሩ ከተለወጠ ወይ አክስሉ ተጣሟል፥ ወይ እግሩ የሚዞርባቸው ኩሽኔታዎች አልቀዋል። ባለፈው ክረምት ግን ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ ጋራዥ፥ ለወዳጄ ላንድ ክሩዘር «ካምበር ለተስተካከለበት» የሚል ደረሰኝ ቆርጦ ገንዘቡን ተቀበለ። የተስተካከለውን ብሎን ያሳዩን ብንል የሚያሳየን አልተገኘም። በክሪክ አስነሥተን ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው፥ ማንም ያልነካው የላላ ኩሽኔታ እየተንቀጫቀጨ መለሰልን።

ሥራው መጀመር የነበረበት ከዚህ ነው። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ፤ ላልቶ ከተገኘ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥ። ያን ጊዜ መላላቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ እግሩ የሚዞርበት ነው። ቀጥሎም ከቀኝና ከግራ ተይዞ ሲነቀነቅ የመሪው ዘንግ ጫፎች ይታወቃሉ። የላላው ተለውጦ ሳያበቃ የተለካ ኮንቨርጀንሳ ከጋራዡ በር እስከ መጀመሪያው ጉድጓድ ድረስ ብቻ ይቆያል።

መንገድ ድርሻ የለውም አልልም። የዐባይን በረሃ ወይም ሊማሊሞን እየተጠማዘዘ የሚመላለስ ከባድ መኪና የፊት ጎማዎቹ የውጭ ጠርዝ ቶሎ ቢያልቅ አያስደንቅም። ነገር ግን ይህ በሁለቱም ጎማ ላይ ይታያል፤ አንዱ ተላጭቶ ሌላው ደኅና ከሆነ መንገዱን ለቀቅ እናድርገው።

እኔን የሚያስፈራኝ የውስጡ ጠርዝ ነው። ከውጭ ቆሞ ለሚመለከት ጎማው ጥርሱ ሙሉ ይመስላል፤ በውስጥ በኩል ግን ሽቦው ወጥቷል። እንዲህ ያለው የፊት ጎማ በሩጫ ላይ ሲፈነዳ መሪው ወደዚያው ወገን ይጎትታል፤ በገደል መንገድ ላይ ሾፌሩ ምን ያህል ጊዜ እንዳለው የሚያውቅ ያውቀዋል። ወደ ኋላ ማዛወሩም ከመፈንዳት አያድነውም፤ በኋላ ጭነትና ሰው አለበት።

በበኩሌ የምለው፥ የየመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊዎች አዲስ የፊት ጎማ ሲጠየቁ፥ አሮጌው በየት በኩል እንደ ተበላና ምክንያቱ ምን እንደ ሆነ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ካልቀረበ ወጪውን አይፍቀዱ። የዓመቱን ምርመራ አድርገው ቦሎ የሚሰጡትም መሪውን እስከ መጨረሻው አስዙረው የውስጡን ጠርዝ ይመልከቱ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ባለመኪናውም አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ጎማ ጎሚስታው ዘንድ ጥሎ አይሂድ፤ ወደ ጋራዥ ወስዶ ከመካኒኩ ፊት ያስቀምጠውና «ይህን የበላው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

አንድ የቀድሞ ሾፌር
ከአዲስ አበባ