ከድንኳኑ ጎማው ይቅደም

የመስክ መኪና በኢትዮጵያ ለረዥም ጊዜ የመሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ ኖሯል። ሰሌዳው የመንግሥት፣ የእርዳታ ድርጅት ወይም የኤምባሲ፣ ሾፌሩ ቅጥረኛ፣ ጉዞውም የውሎ አበል የሚታሰብበት ነበር። ዛሬ ግን ባለሁለት ዲፈረንሻል መኪና በራሱ ስም ገዝቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ላንጋኖ ዳር ወይም ወንጪ አፋፍ ድንኳን ተክሎ ለማደር የሚሻ ነጋዴና ባለሙያ በአዲስ አበባ ብርቅ አይደለም። ለእርሱ የሚሆን ገበያም ተፈጥሯል። የብረት መከላከያው፣ ፖርቶ መጋላው፣ ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ድንኳን፣ ተጨማሪ መብራቱና የመኪና ፍሪጁ ሁሉም ሻጭ አላቸው።

ጥያቄው ገዢው ገንዘቡን በየትኛው ቅደም ተከተል ያውጣ የሚለው ነው። የሚታየው ልማድ የተገላቢጦሽ ነው ለማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሚገዛው ጎረቤት የሚያየው ዕቃ ሲሆን፣ ቤተሰቡን ከሄደበት በደህና የሚመልሰው ዕቃ ግን ገንዘብ ከተረፈ ይታሰባል።

የዚህ ስህተት ዋጋ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1,800 ሲሲ በላይ ሞተር ባለው አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ኤክሳይስ ጣለ። የመስክ መኪና በአብዛኛው ከዚህ መደብ አይወጣም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ መኪናውን ያገኘ ሰው በቀላሉ ሊተካው የማይችለው ሀብት ይዟል። ለመኪናው የሚገዛው ትጥቅ ይህን ሀብትና በውስጡ የሚቀመጡትን ሰዎች የሚጠብቅ እንጂ የሚጎዳ መሆን የለበትም።

ሁለተኛው በጀት

ማንኛውም አባወራ የብሩን በጀት ያውቃል። የማያሰላው የኪሎውን በጀት ነው። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና የተፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት ወስኖ አስቀምጧል። ይህም በመመሪያ መጽሐፉና በአብዛኛው በበሩ ምሰሶ አካባቢ በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ ላይ የመኪናው ባዶ ክብደት ሲቀነስ የሚቀረው ሰውም ዕቃም የሚካፈሉት የመጫን አቅም ነው።

ለምሳሌ ያህል 600 ኪሎ የመጫን አቅም ያለው መኪና ይወሰድ። አባትና እናት እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ፣ ሦስት ልጆች በአማካይ 40 ኪሎ ቢመዝኑ ሰው ብቻ 270 ኪሎ ይሆናል። የፊት ብረት መከላከያ 70፣ ዊንች 40፣ የብረት ፖርቶ መጋላ 50፣ የጣሪያ ድንኳን 65 ኪሎ ቢመዝኑ ድምሩ 495 ይደርሳል። ለአምስት ሰው በቀን አምስት አምስት ሊትር ተይዞ ለሁለት ቀን 50 ሊትር፣ ለመጠባበቂያ 10 ሊትር ውኃ ሲጨመር 555 ኪሎ ሆነ። ሁለት ባለ 20 ሊትር የናፍጣ ጀሪካን ከነዕቃው 42 ኪሎ ያህል ነው። ጠቅላላው 597 ኪሎ!

የቀረው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ምግቡ፣ ፍራሹና ብርድ ልብሱ፣ ምድጃው፣ ጀበናው፣ የመፍቻ ሣጥኑና የመጀመሪያ ሕክምና መስጫው ገና አልተጫኑም። እነርሱ ሲጫኑ መኪናው ከተፈቀደለት በላይ ተሸክሞ ይጓዛል። ፍሬኑ ለማቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል፣ ጎማው ይግላል፣ ሞላው ይረግባል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። አደጋ ቢደርስ ደግሞ የኢንሹራንስ ጥያቄው ቀላል እንደማይሆን መገመት አያዳግትም።

ጣሪያው የራሱ ገደብ አለው። ብዙ መኪኖች በጉዞ ላይ እያሉ በጣሪያቸው እንዲሸከሙ የሚፈቀድላቸው ከ50 እስከ 100 ኪሎ ባለው መካከል ነው። ከላይ የተጠቀሱት ፖርቶ መጋላና ድንኳን ሁለቱ ብቻ 115 ኪሎ ናቸው። የመስክ መኪና ሲፈጥረው ቁመተ ረዥም ነው፤ ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌው ይጨምራል። አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄደው የመሬት ድንኳን ግን ያንኑ ቤተሰብ ያሳድራል።

ዳገቱም የኪሎ ሒሳብ ያውቃል። የባሌ ተራሮችን የሚያይ ቤተሰብ ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ ሲወጣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱንም በዚያው መጠን ያጣል። ለጌጥ የተጫነ ብረት ዕዳነቱ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

መሬት የሚነካው

የትጥቅ ገንዘብ መጀመሪያ መውጣት ያለበት መሬት በሚነካው ዕቃ ላይ ነው። በጎማ ገበያ ብዙ ገዢ የሚጠይቀው ስለ ዋጋና ስለ ምርቱ ስም ነው። ዕድሜውን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከጎማው ጎን ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጋር ከተጻፈው ረዥም ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አሐዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ። 2324 ቢል በፈረንጆች 2024 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። ጥርሱ ያልተነካ ጎማ መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቶ እንደ አዲስ ሊሸጥ ይችላል። ላስቲክ ደግሞ ባይነዳም ያረጃል። ገዢው አጎንብሶ ቁጥሩን ማንበብ ምንም አያስከፍለውም።

መጠባበቂያው ጎማም እንዲሁ ነው። መጠኑ ከአራቱ ጋር አንድ መሆኑ፣ ነፋሱ መኖሩ፣ ብሎኑ በመኪናው መፍቻ የሚፈታ መሆኑ ከቤት ሳይወጣ መረጋገጥ አለበት። ክሪኩንም ቢሆን ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ አንስቶ ማውረድ ይገባል። አፈር ላይ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚደረግ ወፍራም ጣውላ ከማንኛውም አናጢ ይገኛል።

ከዚህ ቀጥሎ የነፋስ መለኪያና በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ጎማ መንፊያ ይመጣሉ። በጠጠር መንገድ ነፋስ ቀነስ ማድረግ፣ ለምሳሌ ከ35 ወደ 28 ፒኤስአይ ማውረድ፣ ጎማው ድንጋዩን እንዲቀበል፣ መኪናውም እንዳይዘል ያደርጋል። ፍጥነቱ ግን አብሮ መቀነስ ይኖርበታል። አስፋልት ላይ ሲደረስ ነፋሱ ተመልሶ ካልተሞላ ጎማው ግሎ ሊፈነዳ ይችላል። መንፊያ የሌለው ሰው ነፋስ መቀነስ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጎሚስታ በየጫካው አይገኝምና።

ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ እሳት ማጥፊያ፣ የእጅ ባትሪና የመጀመሪያ ሕክምና ሣጥን ዝርዝሩን ያሟላሉ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ዋጋቸው ከአንድ የጣሪያ ድንኳን የሚስተካከል አይደለም። ምጣኔ ሀብት የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። የምትወጣው እያንዳንዷ ብር ከፍተኛውን ጥቅም ወደምትሰጥበት መሄድ አለባት። ጎማና ክሪክ በሌሉበት ለተጨማሪ መብራት የወጣ ብር ጥቅሙ ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

የፍሪጁ ነገር

የመኪና ፍሪጅ የዚህ ገበያ ዓይን አዋጅ ነው። ኮምፕረሰሩ በሚሠራበት ሰዓት 4 አምፔር ያህል ይስባል እንበል። በሙቀት ቦታ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ በ24 ሰዓት 48 አምፔር-ሰዓት ይፈጃል። አንድ ተራ የመኪና ባትሪ 70 አምፔር-ሰዓት ቢይዝ ከግማሹ በታች ማውረድ ራሱን ባትሪውን ይጎዳዋል። እንግዲህ ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ቀንና ሌሊት ከታደረ ጠዋት መኪናው ላይነሳ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ የሚገዛ ሰው ሁለተኛ ባትሪ፣ መለያያ፣ ወፍራም ሽቦና ፊውዝ አብሮ መግዛቱ ነው። ሽቦውን ያለ ፊውዝ የሚዘረጋ ኤሌክትሪሺያን ካጋጠመ ደግሞ እሳት አብሮ ተገዛ ማለት ነው። የአዲስ መኪና ሽቦ ሲቆረጥ የሻጩ ዋስትና ሊቀር እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም።

ለሁለት ሌሊት ጉዞ በረዶ የተሞላ ሣጥን ይበቃል። በሳነቴ ደግሞ በበጋ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ፍሪጁን ተፈጥሮ በነፃ ታቀርባለች። በዚያ ቅዝቃዜ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ከሥር የሚነጠፍ ፍራሽ ነው። ብርድ የጠናበት ቤተሰብ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን እንዳያስገባ አስቀድሞ መሞቂያውን መያዝ አለበት። የከሰል ጭስ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል።

የሚነሳው ክርክር

የብረት መከላከያ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ከብት፣ አህያና ግመል በድንገት ይገባል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ለዚህ ዋናው መድኃኒት ፍጥነትን መቀነስና ከመሸ አለመንዳት ነው፤ ይህም ኪሎም ብርም አይወስድም። ለመኪናው ሞዴል ያልተሠራ መከላከያ ደግሞ የኤርባጉን አሠራር ሊያዛባ ይችላል። በየጊዜው ገጠር የሚሠራ ሰው በትክክል የተሠራውን ቢገዛ አያስወቅሰውም። በዓመት ሦስት ጊዜ ላንጋኖ ለሚወርድ ቤተሰብ ግን ሒሳቡ አያዋጣም።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሁለት ዲፈረንሻል የገዛ ሰውም ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም፤ እንዲያውም ይብስበታል። ክብደትና ጣሪያ ላይ ነፋስ የሚገጭ ዕቃ የሚሄድበትን ርቀት ያሳጥራሉ። ባትሪ መሙያ ጣቢያዎቹ ደግሞ በአብዛኛው አዲስ አበባና አካባቢዋ ናቸው። ፍሪጅና መብራት ለማሠራት ግን ከሁሉም የተሻለ ነው።

ስለ ጣሪያ ድንኳንም አንድ ስሌት ይበቃል። በዓመት ስድስት ሌሊት የሚታደርበት ከሆነ በአምስት ዓመት 30 ሌሊት ነው። ዋጋውን ለ30 አካፍሎ የሚገኘው ቁጥር ከሎጅ ክፍል ኪራይ በላይ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ለድንኳን እየከፈለ በሎጅ ዋጋ ብርድ ላይ ያድራል ማለት ነው። በተጨማሪም ድንኳኑ በሌሎቹ ሦስት መቶ ምናምን ቀናት ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ነዳጅ እየበላ በጣሪያው ላይ ይዞራል።

የግዢው ቅደም ተከተል

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ መኪናው በተገዛበት ወር ሁሉን ካልገዛሁ የሚል ሰው በኋላ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ ይገኛል። የመጀመሪያው ጉዞ አጭር ይሁን። ላንጋኖ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት ነው፤ አንድ ነገር ቢጎድል መግዣው ሩቅ አይደለም። ድንኳኑ ከወዳጅ ይዋስ ወይም ይከራይ። የዕቃ ማስቀመጫ መሳቢያ ካስፈለገ የሠፈር አናጢ ከቀላል ጣውላ ይሠራዋል። ምድጃና ቆርቆሮ ሣጥንም ቢሆን የመርካቶው ምናለሽ ተራ አንጥረኞች ለብዙ ዓመት የተካኑበት ሥራ ነው። በውጭ ምንዛሪ የመጣውን መግዛት የሚያስፈልገው እዚህ የማይሠራው ብቻ ነው።

ከጉዞው መልስ ባልና ሚስት ተቀምጠው የተነካውንና ያልተነካውን ዕቃ ይጻፉ። በሁለት ጉዞ ያልተነካ፣ ከመጠባበቂያ ጎማ፣ ከእሳት ማጥፊያና ከሕክምና ሣጥን በስተቀር፣ ከመኪናው ይውረድ። ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ መኪናው ሙሉ ጭነቱን እንደያዘ የምድር ሚዛን ላይ ይውጣ። ሞላ ይጠንክር አይጠንክር የሚለው ውሳኔም የሚመጣው ያኔ ነው፤ ጭነቱ ሳይታወቅ የተቀየረ ሞላ ልጆቹን ከማንገጫገጭ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ለሁሉም ልጅ ቀበቶ ያለው መቀመጫ መኖሩ ይታይ። ዕቃ በዛ ተብሎ አንድ ልጅ ከኋላ ከጭነቱ ጋር የሚቀመጥ ከሆነ፣ የሚቀነሰው ዕቃው ነው።