ብዙ የሚወልዱና ጥቂት የሚወልዱ

በቅርቡ ስለ ዓሦች መራባት ስናስተምር አንድ ተማሪ ከመቀመጫው ተነሥቶ፥ «መምህር፥ አምባዛ ይህን ያህል ዕንቁላል የምትጥል ከሆነ ሐይቁ ስለ ምን በአምባዛ አልሞላም?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው የልጅ ቢሆንም መልሱ ለቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ በዚህ ወር ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን።

አምባዛ ዝናም ዘንሞ ውሃው ወደ ዳር በሚሞላበት ወራት ወደ ሣራማው ስፍራ ወጥታ ዕንቁላልዋን ትጥላለች። ቍጥሩ እንደ አካልዋ መጠን ብዙ ዐሥር ሺህ ይደርሳል። ከጣለችው በኋላ ግን ዞራ አታየውም። ዕንቁላሉ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ውስጥ ቢፈለፈልም ወፉና ሌላው ዓሣ ይለቅመዋል፤ ውሃው ሲሸሽም በደረቅ መሬት ይቀራል።

በዚያው ሐይቅ የምትኖረው ቆሮሶ ግን ጠባይዋ ሌላ ነው። የምትጥለው ዕንቁላል ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቈጠር ነው፤ ነገር ግን በአፍዋ ሰብስባ ትይዘዋለች፤ እስኪፈለፈልም ድረስ ምግብ እምብዛም አትቀምስም። ልጆችዋ መዋኘት ከጀመሩ በኋላ እንኳ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፍዋ ይገባሉ።

እንግዲህ የዕንቁላሉ ብዛት የሚያመለክተው የሀብትን ሳይሆን የአደጋን ብዛት ነው። የአንድ ዘር ቍጥር ሳይበዛና ሳያንስ የሚኖር ከሆነ፥ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕድሜያቸው ሙሉ ካፈሯቸው ልጆች መካከል አድገው እነርሱን የሚተኩ በአማካይ ሁለት ብቻ ናቸው። ይህ ሚዛን ሲዛባ ምን እንደሚሆን በ2012 ዓ.ም. አገራችንን ከወረረው የበረሃ አንበጣ አይተናል። አንዲት አንበጣ በአንድ ጊዜ በአሸዋ ውስጥ የምትቀብረው ዕንቁላል መቶ ያህል ነው፤ ዝናሙ ተስማምቶት የሚበዛው ከተረፈ ግን ሰማዩን ይሸፍናል።

በአንጻሩ ዝሆን 22 ወር አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው፤ ሌላ ለመድገምም አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ትቈያለች። ከስሜን ተራሮች በቀር በዱር ሌላ መኖሪያ የሌላት ዋልያም አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ነው። እነዚህ ጥቂት ወልደው ብዙ የሚደክሙ ናቸው። ስለዚህ አዳኝ አንዲት እናት ዋልያ ሲገድል የገደለው አንድ እንስሳ ብቻ አይደለም፤ በብዙ ዓመታት ድካም እንጂ የማይተካውን ነው። በእርባታ ወራት ቆሮሶን የሚያጠምድም ሰው ከአንዲቱ ዓሣ ጋር በአፍዋ ያለውን ትውልድ ያጠፋል።

ወላጆች ሆይ፥ ይህን ለልጆቻችሁ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። በጓዳችሁ ጥግ ዐሥር ወይም ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል ታቅፋ 21 ቀን የምትቀመጠውን ዶሮ አሳዩአቸው። ጭልፊት ሲያንዣብብ ጫጩቶችዋን በክንፍዋ ሥር ስትሰበስብ ይመልከቱ። በመጨረሻ ስንቱ እንዳደገም ይቍጠሩ።

ለዚያ ተማሪ የሰጠነው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጄ፥ ሐይቁ ያልሞላው ከተጣለው አብዛኛው ስለሚጠፋ ነው። አምባዛ ልጆችዋን በቍጥር ታተርፋለች፤ ቆሮሶ ግን በጥበቃ። በጥበቃ የሚኖረውን ዘር ጠባቂውን ብንገድልበት፥ የሚተርፍበት ሌላ መንገድ የለውም።»