«ሰባተኛ ክፍል ነኝ»

ከአዋሽ ተነስቶ በገላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው ሚሌን ሳይረግጥ አያልፍም። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደውም መንገድ የሚገጥመው እዚያው ነው። ጉምሩክ አለ፣ ኬላ አለ፣ ሻይ ቤት አለ፤ ከነተሳቢው የሚደረደረው መኪና ደግሞ ለጉድ ነው። ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ፣ የባለሥልጣናቱ መኪና ሳይቀር በዚች ከተማ አፍንጫ ሥር ያልፋል። ከተማዋ ግን የምታየው አቧራውን ነው።

በዚያ በኩል ሳልፍ አንድ የከባድ መኪና ረዳት አጋጠመኝ። ዕድሜው አሥራ ስምንት ቢሆን ነው። ሾፌሩ ጉምሩክ ገብቶ ስለቆየበት ሻይ አብረን ጠጣን።

«ተምረሃል?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ፣ ሰባተኛ ክፍል ነኝ» አለኝ።

«ነበርኩ» ማለቱ መስሎኝ አረምኩት። የለም፣ «ነኝ» ነው ያልኩት አለ። ነገሩን ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ኮሮና መጣ ተባለና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። እቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል? መኪና ማጠብ ጀመረ፤ ከዚያ ረዳትነት። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ጓደኛው መጥቶ «ሁላችንም ወደ ሰባተኛ ተዛውረናል» አለው። «ተዛውሬያለሁ፤ አልገባሁም እንጂ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የተናደድኩት በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው።

ጎበዝ! ይኼ ልጅ ዋሾ አይደለም። በመዝገብ በእርግጥም ሰባተኛ ክፍል ነው። ያዛወረው መንግሥት ነው።

እስቲ እናስታውስ። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ሀገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ከ26 ሚሊዮን የሚበልጥ ተማሪ እቤቱ ገባ። በበኩሌ በመዝጋቱ አልከራከርም፤ ያኔ ዓለም በሙሉ በሩን ዘግቶ ነበር፤ የበሽታውንም ጠባይ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ ለአሥራ አምስት ቀን ተባለ፤ አሥራ አምስቱ ቀን ሰባት ወር ሆነ። በመካከሉ «በርቀት ተማሩ» የሚል መመሪያ ወረደ። በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በቴሌግራም።

አዲስ አበባ ላይ ስልክ ያለው፣ ጊዜ ያለው፣ የተማረ ወላጅ እንደምንም ልጁን ይዞ ተቀመጠ። የግል ትምህርት ቤቶችም ክፍያቸውን ላለማጣት ሲሉ ጥያቄና መልስ ይልኩ ነበር። ሚሌ ላይስ? ከሚሌ ወጣ ብሎ ባለው ዳቦይታ ውስጥስ? በአፋር ቤት የሚነገረው አፋርኛ ነው። ልጁ ከተማ ሄዶ የሚማርበት መጽሐፍ ግን ለብዙ ዘመን አማርኛ ነው የኖረው። እናት ላስጠናህ ብትል በየትኛው ቋንቋ? ስልክ አለ ቢባል እንኳ አባትየው ኪስ ውስጥ ነው፤ አባትየው ደግሞ ግመሎቹን ተከትሎ ግጦሽ ወዳለበት ሄዷል። የሬዲዮው አስተማሪ «አሁን መጽሐፋችሁን ገጽ እንዲህ ላይ ግለጡ» ሲል መጽሐፉ ራሱ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነስ?

ደግሞ የቴሌግራሙን ነገር ተመልከቱ። በኢንተርኔት ተማሩ ያለው መንግሥት ኢንተርኔቱን ራሱ ቆረጠው! ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ሀገሩ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ከረመ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ለነገሩ በሽታው የቆየ ነው። በ1997 ዓ.ም. «ፕላዝማ» የሚባል ነገር ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባ ጊዜ ትዝ ይላችኋል? በሳተላይት የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ሲንበለበል ተማሪው አፉን ከፍቶ ያያል፤ የክፍሉ መምህር እንደ ዘበኛ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ መብራት ሲጠፋ መምህሩም አብሮ ይጠፋል። መሣሪያ ሲገዛ ትምህርት የተሰጠ የሚመስላቸው ሰዎች በየዘመኑ አሉን። የ2012ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተናም «በታብሌት ይሰጣል» ተብሎ ስንት ጉድ ከተወራ በኋላ በየካቲት 2013 መጨረሻ በወረቀት ተሰጥቶ ዐረፈው።

ወደ መክፈቱ ልመለስ። ነገሬ እሱ ላይ ነውና። ጥቅምት 9 ቀን 2013 የገጠር ወረዳዎች፣ ጥቅምት 16 የዞንና የክልል ከተሞች፣ ጥቅምት 30 አዲስ አበባ እንዲከፍቱ ተባለ። ከስምንተኛና ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በስተቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወር፤ ያመለጠው በ45 ቀን ማካካሻ ይሸፈናል ተባለ። አርባ አምስት ቀን! ለሰባት ወር! ያውም ከትምህርት ገበታ ላይ ለተገኘው ነው እኮ፤ ላልተገኘው ማን ይቁጠርለት?

አፋር ያን ሰሞን በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ደግሞ እንይ። በ2012 ክረምት አዋሽ ሞልቶ ከአሚባራ እስከ ዱብቲና አሳይታ ያለውን አገር አጥለቀለቀው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ። ትምህርት ቤት ተከፈተ በተባለ በሁለተኛው ሳምንት ሰሜን ላይ ጦርነት ተቀሰቀሰ። በሚቀጥለው ክረምት ጦርነቱ አፋር ገባ። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ጋሊኮማ ላይ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት የጤና ተቋምና ትምህርት ቤት ላይ በደረሰው ጥቃት ከ200 በላይ ሰዎች እንደተገደሉና ከእነሱም ውስጥ ከ100 የሚበልጡት ሕፃናት እንደሆኑ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የደረሰውን ሪፖርት ጠቅሶ አስታወቀ። በኅዳር 2014 የሕወሓት ኃይሎች ጭፍራ ገብተው ነበር፤ ካሳጊታና ቡርቃ ላይ የነበረው ውጊያ የሚሌን መንገድ ለመቁረጥና ላለማስቆረጥ ነበር። እንግዲህ የእኔ «ሰባተኛ ክፍል» በዚያ ጊዜ ስምንተኛ መሆኑ ነው በመዝገብ።

በትምህርት ቢሮዎቻችን አነጋገር ትምህርት ቤት ሲከፈት ችግሩ አለቀ። ሪፖርት ይጻፋል፤ «ትምህርት ተጀምሯል» ይባላል። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን ያኔ ነው። ይኼን የምለው ከሆዴ አውጥቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፓኪስታን ውስጥ ካሽሚርን የመታውን የመሬት መንቀጥቀጥ ተከትሎ ትምህርት ቤቶች በአማካይ ለ14 ሳምንት ተዘጉ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ሄደው ልጆቹን ፈተኑ። አደጋው አካባቢ የነበሩት ከሌሎቹ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ልብ በሉ፤ የተዘጋው ለ14 ሳምንት ነው፤ የጎደለው የዓመት ተኩል ትምህርት ነው! ምክንያቱ ይኼ ነው ተብሎ የታሰበው መምህሩ ትምህርቱን ካቆመበት ሳይሆን መጽሐፉ ከደረሰበት መቀጠሉ ነው። ልጁ መከተል ሲያቅተው በየዓመቱ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። አንድ ሌላ ነገርም አገኙ፤ እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። እናታቸው አንደኛ ደረጃ የጨረሰች ልጆች አልተጎዱም። ጉድለቱን እቤት ውስጥ እናት ሞልታዋለች።

ታዲያ እናትየዋ ያልተማረችበት ቤት ማን ይሙላው? መንግሥት ነዋ! ሌላ ማን አለ?

እኛ ዘንድ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት 3.2። ሀገሩ በድንጋጤ ጮኸ፤ በጊዜው የነበሩት ሚኒስትር ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ኩረጃው ስለቀረ እውነቱ ወጣ አሉ። ኩረጃ መቅረቱ ደግ፤ እኔም እደግፋለሁ። ግን እነዚያ ልጆች ኮሮናው ሲመጣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የነበሩ ናቸው። የፈተናውን በር ከማጥበቅ በፊት እስከ በሩ የሚያደርሰውን መንገድ ማን ጠገነ? ሚሌ ላይማ እስከ አሥራ ሁለተኛ መድረሱ ራሱ ዕጣ ነው።

አንዳንዱ አንባቢ «አርብቶ አደር ልጁን ማስተማር አይፈልግም» ሊለኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ይኼ ቢሮ ውስጥ ሆኖ የሚወራ ወሬ ነው። የትምህርት ዘመኑ የወጣው ለደገኛው ነው፤ ከመስከረም እስከ ሰኔ። አፋር የሚንቀሳቀሰው ዝናቡን ተከትሎ ነው፤ ሱጉም ሲጥል ወዲህ፣ ካርማ ሲገባ ወዲያ። ዝናቡ ሲቀር ደግሞ ጭራሽ ይርቃል። ልጁ ከከብቱ ጋር ሄዶ ሲመለስ ትምህርቱ አምልጦታል። ትምህርት ቤቱ ምሳ የሚሰጥ ሲሆን እናት ልጇን ትልካለች፤ ምሳው ሲቋረጥ ልጁ ቢቀር ምኑ ይገርማል? በሰባቱ ወር መዘጋት የቀረው ፊደል ብቻ አልነበረም፤ ምግብም ነበር። ሴቷ ልጅ ደግሞ አንዴ ውኃ መቅዳቱ፣ ፍየል መጠበቁ፣ ሻይ ቤት መላላኩ ላይ ከተመደበች፣ ከዚያም ከተዳረች፣ በሬዲዮ ጥሪ አትመለስም። ቤቷ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

«የት ተገኝተው?» ይሉናል። ኧረ ተው! ከሚሌ ብዙም በማይርቀው ሃዳር ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተችውን ድንቅነሽን በ1967 ዓ.ም. ከአፈር ለቅመው አወጧት፤ በሕይወት ያለ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚያቅተው?

አፋር ዳጉ አለው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይላቀቅም፤ ወሬው ከግመል ቀድሞ ይደርሳል፤ የዋሸም ይጠየቃል። በሰባቱ ወርም ሆነ ከዚያ በኋላ «የእገሌ ልጅ ተመለሰ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ በጎሳ መሪዎቹ በኩል ዳጉ ላይ የሚያስገባ መምህር ቢመደብ ኖሮ፣ ለአንድ ወር ውሎ አበል ብቻ ተከፍሎት፣ የስንቱ ልጅ ስም በተገኘ ነበር። ለዎርክሾፕ አበል የማይጠፋበት ሀገር ነው እኮ።

የተገኘውን ልጅ ምን እናድርገው ለሚለውም መልሱ እዚሁ አገር ውስጥ ተሞክሯል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በደቡብ «ስፒድ ስኩል» በሚባለው ፕሮግራም ከትምህርት የራቁ ልጆች የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍልን ትምህርት በአሥር ወር ጨርሰው ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ይገቡ ነበር። ዝም ብሎ መጽሐፍ ማሮጥ አይደለም፤ ልጁ ካለበት ይጀመራል። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ጎን ለጎን እናቶቹን በቁጠባ ቡድን ያደራጃል፤ ፕሮግራሙ ሲያልቅ የደብተሩን የምትገዛው እናት ከየት ታመጣለች የሚለው አስቀድሞ ታስቦበታል። ለአፋር ልክ ቢደረግ፣ የመጀመሪያው ንባብ በአፋርኛ ቢሆን፣ ጊዜው ዝናቡን እያየ ቢወሰን፣ ለሚሌ ዓይነት ከተማ ደግሞ መኪና ላይ ለዋለ ልጅ የማታ ክፍል ቢከፈት፣ ምኑ ይከብዳል? ገንዘብ የለም እንዳይሉን! በሚሌ የሚያልፈውን የቀረጥ ብር እናውቃለን።

«ኮሮና እኮ አለፈ፤ አሁን ምን ትነዘንዘናለህ?» የሚል ካለ በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌና ዱለቻ ላይ የሆነውን ያስታውስ። በታኅሣሥና በጥር መሬቱ ቀንና ሌሊት እየተንቀጠቀጠ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። ልጆቹም እንደገና ከትምህርት ገበታ ተነሱ። አዋሽም እንደገና ይሞላል፤ ድርቁም ይመለሳል። በዚህ ሸለቆ ትምህርት ቤት ደጋግሞ የሚዘጋ ነገር ነው። የመዝጊያ ደብዳቤ በአንድ ቀን የሚደርሰውን ያህል የመመለሻው ሥራ አስቀድሞ ሊታሰብበት አይገባም ወይ? ማን ፈልጎ እንደሚመልሳቸው፣ ማን እንደሚፈትናቸው፣ ከየት እንደሚጀመር፣ ምሳው ከየት እንደሚመጣ?

ስለዚህ ሰመራ ላለው የክልሉ ትምህርት ቢሮና አዲስ አበባ ላለው ሚኒስቴር የማቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። የ2012ን የተማሪዎች መዝገብ አውጡና ከ2013ቱ ጋር አስተያዩት። በ2012 ስሙ ኖሮ በ2013 «ተዛውሯል» ከተባለ በኋላ አንድም ቀን ክፍል ያልገባው ስንት ነው? በየወረዳው፣ ወንዱንና ሴቷን ለይታችሁ ንገሩን። የእኔን ረዳት ቢያንስ ከነዚያ ውስጥ አንዱ አድርጋችሁ ቁጠሩት፤ ሾፌሩ ከጉምሩክ ሲወጣ ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ስለሄደ ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።