«ረዳት ነው» የሚሉት ነገር ማንን ነው የሚረዳው?

«የቻይና ዕፅ ካንሰርን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ የሚምል ነጋዴን መያዝ ቀላል ነው። ብልጡ ነጋዴ ግን እንዲህ አይልም። «ኬሞሽን አታቋርጪ፣ ሐኪምሽንም ስሚ፤ ይሄ ረዳት ብቻ ነው። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ይላል። ይህን ማን ይቃወማል? እናቱ ምግብ አልወርድ ብሏት ስታስመልስ ስታድር ያየ ልጅ «ረዳት» የሚል ቃል ሲሰማ ኪሱን ይከፍታል። አይፈረድበትም።

እኔ ግን ልቃወም ነው። ቻይናን ንቄ አይደለም፤ ከናቂዎቹም ጋር ጠብ አለኝ፣ ወደነሱም እመጣለሁ።

አገራችን ውስጥ ወባ ይዞት ኮአርተም የዋጠ ሰው ሁሉ የቻይና ባህላዊ ህክምና ባለዕዳ ነው። የቤጂንግ ተመራማሪዋ ቱ ዩዩ በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሐኪም ገ ሆንግ የጻፈውን ሲያነቡ፣ ቺንግሃው የተባለው ተክል በውኃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ እንዳልተባለ አስተዋሉ። ሙቀት ያበላሸው ይሆናል ብለው በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት። ለሕመምተኞች ከመሰጠቱ በፊት ራሳቸው ወሰዱት። በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

በካንሰርም በኩል ከዚህ የማያንስ ታሪክ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሃርቢን ከተማ ሐኪሞች አንድ ባህላዊ ቅመማ ይዘው ተነሡ፤ አርሰኒክ፣ ሜርኩሪና የጉርጥ መርዝ ያለበት። አንድ በአንድ ለይተው ፈተሹ። ሜርኩሪውንና የጉርጡን መርዝ ጣሉ፣ አርሰኒኩን አስቀሩ። አኪዩት ፕሮማይሎሲቲክ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር በደም መፍሰስ ሰውን በአጭር ጊዜ የሚቀጥፍ ነበር። በ2013 በወጣ ጥናት፣ በሽታው ከባድ ደረጃ ካልደረሰባቸው ሕሙማን አርሰኒኩን ከአንድ የቫይታሚን ኤ ዝርያ ጋር፣ ያለ ኬሞ የወሰዱት 97 ከመቶው ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው አልተመለሰባቸውም፤ በሕይወትም ነበሩ። ይህን አርሰኒክ ዛሬ ማንም «ረዳት» አይለውም። ስሙ መድኃኒት ነው። መድኃኒት የሆነውም ዕድሜው ስለረዘመ ሳይሆን ከቅመማው ተለይቶ፣ ተለክቶ፣ ከሌላው ጋር ተነጻጽሮ ስላለፈ ነው።

መርፌውንስ? አኩፓንክቸር ኬሞ የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ እንደሚያቀል የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የጠሯቸው ባለሙያዎች በ1997 መስክረዋል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው የሆርሞን ክኒን መገጣጠሚያ ያማል፤ በዚህ የተነሳ ክኒኑን የሚጥሉ ብዙ ሴቶች አሉ። በ226 ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2018 የታተመ ጥናት እውነተኛው መርፌ ከአስመሳዩ መርፌ የተሻለ ሕመም እንዳስታገሰ አሳይቷል። ልዩነቱ ትንሽ ነበር፤ ግን ነበር። ክኒኗን እንዳትጥል ካደረጋት፣ ይህ ለኔ እውነተኛ ረዳት ነው።

ችግሩ መርፌው ያገኘውን ክብር ድስቱ ተውሶ መሄዱ ነው። መርፌ ጉበት ውስጥ አይገባም። አሥር ዓይነት ሥርና ቅጠል የፈላበት ውኃ ግን ይገባል። ጉበታችን ብዙዎቹን የኬሞ መድኃኒቶች የሚሰባብረው ዕፁንም በሚሰባብርበት መሣሪያ ነው። መሣሪያው በዕፁ ከተያዘ ኬሞው ደም ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል፤ መሣሪያው ከተነቃቃ ደግሞ ኬሞው ሥራውን ሳይሠራ ይወጣል። ሁለተኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ሕመምተኛዋ «ኬሞው ዘንድሮ አላደከመኝም፣ ዕፁ ረዳኝ» ልትል ትችላለች።

«ተፈጥሯዊ ነው» ለሚለው መልሱ ቤልጅየም ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራሰልስ ውስጥ ክብደት ለመቀነስ የቻይና ዕፅ የተሰጣቸው ሴቶች ኩላሊታቸው ሞተ። ፋንግ ጂ የሚባለው ዕፅ ስሙ በሚመሳሰል ሌላ ዕፅ ተተክቶ ነበር፤ ሌላውም አሪስቶሎኪክ አሲድ ነበረበት። በኋላ ኩላሊታቸውን በቀዶ ጥገና ካስወጡት 39 ሕሙማን በ18ቱ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ። ልብ በሉ፤ ዕፁ ካንሰር ሰጣቸው እንጂ ካንሰር ይዟቸው አልመጡም።

ሌላም ልጨምር። ፒሲ-ስፔስ የተባለ የስምንት ዕፆች ቅንብር በአሜሪካ ለፕሮስቴት ካንሰር ይሸጥ ነበር። በእርግጥም ይሠራል እየተባለ ትልልቅ ሆስፒታሎች አጠኑት። ሲመረመር ውስጡ ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞንና ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ተገኘ። በ2002 ከገበያ ተሰበሰበ። «ዕፅ» ብሎ የገዛው ሰው የፋብሪካ መድኃኒት ነበር ሲውጥ የከረመው፤ ያውም መጠኑን ማንም ሳይነግረው።

«እኛ ግን ኬሞውን አታቋርጡ ነው የምንለው» ይላሉ። በአፍ እውነት ነው። የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ያወጡት ጥናት የተመለከተው ይህንኑ ነው፦ ቢያንስ አንድ መደበኛ ህክምና ጀምረው ጎን ለጎን «ረዳት» የተጠቀሙ ሰዎችን። ከነዚህ መካከል ኬሞን እንቢ ያሉት 34 ከመቶ ሲሆኑ ከሌሎቹ ግን 3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ጨረርን እንቢ ያሉት 53 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 2 ከመቶ። የመሞት ዕድላቸውም እጥፍ ነበር። የገደላቸው ዕፁ ሳይሆን የተዉት ህክምና መሆኑን ጥናቱ ራሱ ያመለክታል። «ረዳት» ብሎ የገባው እንግዳ ቀስ በቀስ ባለቤቱን ከቤት አስወጣው ማለት ነው።

አሁን ወደ ናቂዎቹ። ሕመምተኛ «ዕፅ እየጠጣሁ ነው» ሲለው የሚገላምጥ፣ «ከዚህ በኋላ እኔ ጋ እንዳትመጣ» የሚል ሐኪም የነጋዴው ምርጥ ወኪል ነው። የተገላመጠ ሰው ዕፁን አይተውም፤ መናገሩን ይተዋል። ጉበት ውስጥ የሚደረገውን ጦርነት ሊያይ የሚችለው ሰው ሳያውቀው ይቀራል። ኒው ዮርክ ያለው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ከ1999 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቶ መርፌውን የሚሰጠው፣ ስለ ዕፆችም መረጃ ለሕዝብ የሚያቀርበው ሞኝ ሆኖ አይደለም።

ቻይናም ብትሆን ራሷ ሁለት ልብ ናት። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የባህላዊ ህክምና ሕጓ ጥንታዊ የተባሉ ቅመማዎችን በሰው ላይ ሳይፈተኑ ለማምረት በር ከፈተ። በ2020 ደግሞ የቤጂንግ ከተማ ባህላዊ ህክምናን «የሚያጠለሽ» ሰው እንዲቀጣ የሚል ረቂቅ አወጣች። ቱ ዩዩና የሃርቢን ሐኪሞች ፈትነው ያከበሩትን ነገር በፖሊስ ለማስከበር መሞከር ምን ይባላል?

እንግዲህ ቤታችሁ ውስጥ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ካለ፣ «ረዳት» የተባለውን ሁሉ ዕቃውንም ጽሑፉንም ፎቶ አንሡና ካንሰሩን ለሚያክመው ሐኪም ወይም ለፋርማሲስቱ አሳዩ፤ ጽሑፉ ቻይንኛ ብቻ ከሆነም አሳዩ። ከሚቀጥለው ኬሞ በፊት ይሁን። ሐኪሙ ቢቆጣ ይቆጣ። ሻጩ ግን «ለሐኪም አትንገሩ» ካላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።