የአባት ስም ልብስ ላይ ሲሰፋ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከበደሳ ነው። ጸሐፊዋ ልብስ ሰፊ ናቸው። «አባቴ በከተማችን የታወቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ካረፉ በኋላ የስፌት መኪናውንም ደንበኞቹንም የተረከብኩት እኔ ነኝ። አሁን በምሰፋቸው ልብሶች ላይ የአባቴን ስም መለያ ላደርግ ሳስብ፣ ጭሮ የልብስ ሱቅ ያለው ታናሽ ወንድሜ ‹የእኔም አባት ስም ነው› ብሎ አኮረፈኝ። ስሙ የማን ነው?» ይላሉ።

እህቴ፣ ወንድምዎ ያኮረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም አለው ቢልም፣ እኛ እስከ ዛሬ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው። ስለዚህ ስሙ የሁለታችሁም ነው። የእርስዎ ልጆች ደግሞ በአባታቸው፣ የወንድምዎም ልጆች በእርሱ ስም ይጠራሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ የአባታችሁን ስም ለልጅ ልጆች የሚያቆየው ምናልባት ያ መለያ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያም ይታደሳል። ከሁለት አንዳችሁ ቀድማችሁ ብቻችሁን ብታስመዘግቡ፣ ሌላው በአባቱ ስም መጠራቱ ባይቀርም ልብስ ላይ ምልክት አድርጎ ለመጠቀም ይቸገራል። ክርክሩ ያኔ ከቤት ወጥቶ ፍርድ ቤት ይገባል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ነገር ልጨምር። በንግድ ፈቃድ ላይ የተጻፈው የንግድ ስም የንግድ ምልክት አይደለም። ምልክቱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ምዝገባው በዕቃ ዓይነት የተከፋፈለ ሲሆን ልብስ፣ ጫማና ባርኔጣ 25ኛው መደብ ውስጥ ናቸው። ምልክት ደግሞ የአንዱን ዕቃ ከሌላው መለየት አለበት። የአባትዎ ስም እንደ ከበደ ወይም እንደ መሐመድ ብዙ ሰው የሚጠራበት ከሆነ ብቻውን ደካማ ነው። የአያት ስም፣ ሌላ ቃል ወይም የራሱ ሥዕል ቢታከልበት ይሻላል። ሞዴል ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 የሽመና ልብስ ድርጅቷን ስትመሠርት ስሟ በዓለም የታወቀ ነበር፤ እርሷ ግን «ለምለም» የሚለውን ቃል መረጠች።

ስምን ምልክት ማድረግ ሌላም አደጋ አለው፤ ምልክት ይሸጣል። እንግሊዛዊቷ ኤልሳቤጥ ኢማኑኤል እ.ኤ.አ. በ1981 የልዕልት ዳያናን የሠርግ ቀሚስ ከባለቤቷ ጋር የነደፈች ናት። በኋላ ንግዷን በስሟ ከተመዘገበው ምልክት ጋር ለኩባንያ አስተላለፈች። ከኩባንያው ስትወጣ ስሟ እዚያው ቀረ። እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ተከራክራ በ2006 ተረታች።

የስም ዋጋ ለእናንተ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በእናንተ አካባቢ የሚለቀመው ቡና የሚሸጠው «ሐረር» በሚለው ስም ነው። መንግሥታችን ለዚያ ስም፣ ለሲዳሞና ለይርጋጨፌ ጭምር፣ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ እ.ኤ.አ. በ2007 ተስማምቷል።

ስለዚህ እህቴ፣ መለያውን ከማሠራትዎ በፊት ወንድምዎን ቡና አፍልተው ይጥሩት፤ የሚያከብሩት ሽማግሌም ይገኝ። ምልክቱ በሁለታችሁ ስም ይመዝገብ ወይስ በአንዳችሁ? ሌላው በምን ውል ይጠቀምበት? ለውጭ ሰው መሸጥ ቢመጣ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል? እነዚህን ሦስቱን በጽሑፍ ጨርሱና ተፈራረሙ። ከዚያ ወደ ባለሥልጣኑ ሄደው ስሙ ለምዝገባ ይበቃ እንደሆነ ይጠይቁ። ባይስማማ ሌላ ስም ይመረጣል። ኩርፊያው ግን ከቆየ ለማብረድ ይከብዳል።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።